ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ የቤት ውስጥ ትምህርት ታሪክ ከእንቆቅልሽ እስከ ሬዲዮ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ከሦስት ቀን በኋላም የኢትዮጵያ መንግሥት በመላ አገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ሁለቱ ሳምንታት ወደ ወራት መለወጣቸው የማይቀር መሆኑ ታወቀ። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚህ ሰባት ወር ውስጥ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ርቀው ቆይተዋል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ነበሩ።

በእነዚያ ወራት ልጁ ቤት ውስጥ ምን ይማር፣ ከማንስ ይማር የሚለው ጉዳይ በትምህርት ቢሮዎች፣ በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ከዚህ ቀደም ታስቦበት እንደማያውቅ ሆኖ ቀረበ። የሬዲዮው ትምህርት፣ የቴሌግራም ቡድኑ፣ ተባዝቶ የሚታደለው የመልመጃ ወረቀት ሁሉ ችግሩ የወለዳቸው ፈጠራዎች ተደርገው ተወሰዱ። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ውጭ፣ በቤትና በቤት ዙሪያ፣ የሚማርባቸው መንገዶች በሦስት ዘመናት ተደራርበው የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው የቃልና የጨዋታ ትምህርት፣ ሁለተኛው ከቄስ ትምህርት ቤትና ከቁርአን ቤት የመነጨው የንባብ ትምህርት፣ ሦስተኛው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት የተመረኮዘው በሦስተኛው ላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ቤተሰብ በእጁ የነበረው ግን የመጀመሪያው ነበር፤ የእነዚያ ወራት የቤት ውስጥ ትምህርት ዕድልም በአመዛኙ የተወሰነው በሁለቱ መካከል በነበረው ርቀት ነው።

ከቃል ትምህርቱ ውስጥ ሥርዓቱ ይበልጥ የጠበቀው እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሽ ማለት የታወቀን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በባሕርዩ ብቻ ገልጾ መጠየቅ ሲሆን፣ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ብሎ ሲጀምር ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። እንቁላል በር እንደሌለው ቤት፣ ወንዝም ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር እንደማይደክም መንገደኛ ሆኖ ሲቀርብለት፣ ልጁ በዙሪያው ያለውን ነገር ሁሉ ቅርጹን፣ ሥራውንና ጠባዩን እያነጻጸረ መመርመር ይኖርበታል፤ ይህም የሳይንስ መምህር በክፍል ውስጥ አስተውሉ፣ አነጻጽሩ፣ መድቡ ብሎ ከሚያዘው ሥራ በምንም አያንስም። ተጠያቂው መልሱ ሲጠፋበት ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ የተሸነፈው ጎንደርን ወይም ሐረርን፣ ወሎን ወይም ጅማን ይሰጣል፤ አሸናፊው በተሰጠው አገር ካልረካ ሌላ ይጠይቃል፤ ሲረካም በዚያ አገር ምን እንደበላና እንደጠጣ፣ እንዴት እንደከበረና እንደተሾመ አጋንኖ ከተናገረ በኋላ ነው መልሱን የሚገልጸው። ከቀዬው ወጥቶ የማያውቅ ልጅ የሩቅ አገሮችን ስም የሚለምደው፣ አንዱ አገር በማሩ ሌላው በቡናው ወይም በገበያው እንደሚታወቅ የሚሰማው በዚህ መንገድ ስለነበር፣ እንቆቅልሽ የካርታ ሥዕል ባልደረሰበት ቤት የመልክዓ ምድር ትምህርት ነበር ማለት ይቻላል። ልማዱ የአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ አይደለም፤ በኦሮሞው ዘንድ ሂቦ፣ በትግርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሕንቅልሕንቅሊተይ እየተባለ የራሱን መግቢያና የራሱን የመሸናነፍ ሥርዓት ይዞ ይገኛል።

ተረትም ከእንቆቅልሽ ጎን ለጎን በምሽት፣ ብዙውን ጊዜ ከእራት በኋላ፣ በአያት ወይም በእናት አንደበት ይነገር ነበር። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ በአንድነት «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱ ድረስ ተረቱ አይጀመርም፤ ይህች አጭር መቀባበል አድማጩ ነቅቶ መቀመጡ የሚረጋገጥባት ናት። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌሊቱን የሰማውን ልጁ በማግስቱ ከብት ሲጠብቅ ለእኩዮቹ መልሶ መንገሩ ነው። የታሪኩን ቅደም ተከተል ሳያፋልስ፣ የጅቡንና የቀበሮዋን ድምፅ ለይቶ፣ መጨረሻውን ሳያስቀድም መተረክ ማለት ቋንቋን በሥራ ላይ ማዋል ነው፤ በዘመናዊው መርሐ ትምህርት ማዳመጥና መናገር ተብለው የተለዩት ሁለት ክህሎቶች በዚህ ልማድ ሳይነጣጠሉ ይገኛሉ።

የእጅ ጨዋታዎቹ ደግሞ የቁጥር ትምህርት ናቸው። በቅልብልቦሽ ተጫዋቹ አምስት ጠጠር ይይዛል፤ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ተመልሶ እስኪወርድ ድረስ መሬት ላይ ያሉትን አራቱን በመጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስቱን በአንድ አፍታ አንዱን ለብቻው፣ በመጨረሻም አራቱንም በአንድ ጊዜ ያነሣል። ይህን የሚጫወት የስድስት ዓመት ልጅ አራት የሚባለው ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፈል በእጁ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤት ገብቶ በመደመሪያ ምልክት ተጽፎ ሲያየው የሚገጥመው አዲስ ነገር ምልክቱ ብቻ ነው። በሰኞ ማክሰኞ፣ መሬት ላይ በተሠመሩ ሳጥኖች ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ገል እየጣሉ በአንድ እግር በመዝለል፣ የሳምንቱ ቀናት ቅደም ተከተል ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር ይዋሐዳል።

ገበጣ ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀ ነው። ገበጣ በእንጨት ላይ በተፈለፈሉ ወይም በመሬት ላይ በተቆፈሩ ትይዩ ረድፎች የሚጫወቱት ሲሆን፣ በየጉድጓዱ እኩል ጠጠር ተቀምጦ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣውን በቀጣዮቹ ላይ አንድ በአንድ እያደለ ይጓዛል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበት ቦታ ጨዋታው እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም ስለሚወስን፣ ብልህ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት ጉዞውን በልቡ አስልቶ መጨረስ አለበት። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ከቦታ ቦታ የረድፉ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥርና የመማረኩ ሥርዓት ይለያያል። ይህን ያህል የተለያየ ሥርዓት ያለው ጨዋታ በአገሪቱ ተሠራጭቶ ሳለ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አለማግኘቱ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ማካፈልንና ቀሪን በጠጠር ያየ ልጅ በሰሌዳ ላይ ሲያገኘው አይደነግጥም ነበር።

ከጨዋታው ቀጥሎ የሚመጣው መሥራት ነው። ትንንሽ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ከጭቃ ምጣድ፣ ጀበናና ድስት ያበጃሉ፤ እናት፣ አባት፣ እንግዳና ነጋዴ ሆነው የትልልቆቹን ኑሮ ይደግሙታል፤ ከፍ ያሉት ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ኳስ ይሠራሉ። ለዚህ ሥራ የዓመቱ ዋና ወቅት ክረምት ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመጣም በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚዘጋ፣ ልጆች እነዚህን ሁለት ወራት በራሳቸው የሥራ ቀን መቁጠሪያ ይሞሏቸዋል። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ወንዶች ልጆች ከቃጫ ወይም ከልጥ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ በቡድን ተደራጅተው በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አውራጁ የባለቤቱን ስምና ሙያ እያነሣ ግጥም ይፈጥራል፤ ያገኙትን ሙልሙልና ገንዘብ ቆጥረው እኩል ይካፈላሉ። ለእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ሰብስበው ለአበባየሆሽ ሲዘጋጁ፣ ወንዶቹ ደግሞ በወረቀት ላይ ፀሐይ፣ አበባ ወይም መልአክ ሥለው በቀለም አስጊጠው ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። ሥዕል፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቆጠራና ክፍፍል ያለበት ይህ ሁሉ ሥራ መምህር ሳያዝዘው፣ ውጤትም ሳይሰጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ይህ ሲባል ያለፈው ዘመን ልጅነት በጨዋታ ብቻ የተሞላ እንደነበረ አድርጎ መሣል ስሕተት ይሆናል። ጨዋታው የሚገኘው ከሥራ በተረፈ ሰዓት ሲሆን፣ ሥራውም እኩል አልተከፋፈለም። ከብት የሚጠብቅ ወንድ ልጅ ሜዳ ላይ ገበጣ መቆፈሪያ ሰዓት ሲያገኝ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ታናናሾቿን የምታዝል እኅቱ ያን ሰዓት የምታገኘው እምብዛም ነው። ይህ አለመመጣጠን በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤት ለልጃገረዷ የንባብ ቦታ ከመሆኑ በተጨማሪ በቀን ውስጥ ከቤት ሥራ የምታርፍበት ብቸኛ ሰዓት ነበርና፣ ሲዘጋ ያጣችው ነገር ድርብ ሆነ።

ሁለተኛው ዘመን ያመጣው ፊደልን ነው። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚገኘው የቄስ ትምህርት ቤት ልጁን ከሀሁ ጀምሮ፣ በአቡጊዳ ማለትም ፊደላቱን በሌላ ቅደም ተከተል በመድገም አጽንቶ፣ ወደ ፊደል ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ መዝሙረ ዳዊት ንባብ ያሸጋግረዋል። በወሎ፣ በሐረርና በሌሎች የእስልምና ማዕከላት ደግሞ የቁርአን ቤቱ ልጅ ሎህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈለትን አንቀጽ ካጠና በኋላ አጥቦ አዲሱን ያስጽፋል። የሁለቱም የማስተማሪያ ዘዴ በድምፅ መደጋገምና በቃል መያዝ በመሆኑ በኋላ ዘመን የትምህርት ባለሙያዎች በብርቱ ነቅፈውታል፤ ነቀፋው በከፊል ተገቢ ቢሆንም፣ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ለቤት ውስጥ ትምህርት እጅግ የሚጠቅም አንድ ልማድ ሳይስተዋል አልፏል። አንድ የኔታ በአንድ ጊዜ በልዩ ልዩ ደረጃ ያሉ ብዙ ልጆችን ስለሚያስተምሩ፣ ዳዊት የደረሰው ወንጌል ለሚያነበው፣ ወንጌል የሚያነበው ፊደል ለሚቆጥረው ያስጠናል፤ ታላቁ ታናሹን ማስተማሩ የመማሩ አንድ ክፍል ነው። ባልተማሩ ወላጆች ቤት የታላቅ እኅት ወይም ወንድም መምህርነት እንግዳ ያልሆነው ይህ ልማድ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

ፊደል ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጥቶ በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በማተሚያ ቤት አማካይነት ነው። በዚህ ረገድ የቡልጋው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ ስሙ ተለይቶ ይነሣል። ይህ ገበታ በየገበያውና በየመንገዱ በአነስተኛ ዋጋ እየተሸጠ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በከተማና በገጠር ተሠራጨ፤ እናት ማንበብ ባትችል እንኳ ገበታውን ገዝታ ለልጇ በመስጠት ትምህርቱን ቤቷ ውስጥ ማስጀመር ቻለች። ልጁ በስንጥር እየጠቆመ የሚዘልቀው ይህ ወረቀት፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ባትሪ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ለቤት ውስጥ ትምህርት ከተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ በብዛት የተሠራጨው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመሠረት ከእነዚህ ከሁለቱ ቅርሶች ጋር የነበረው ግንኙነት የላላ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በግብፃውያን መምህራን ተጀምሮ በውጭ ቋንቋዎች ላይ ያተኮረው ትምህርት፣ ቀጥሎም የኢጣሊያ ወረራ ካበቃ በኋላ በ1930ዎቹ የተስፋፋው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ዕውቀት መነሻ አላደረገም። ሆኖም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሸክሙ የሚወድቀው በቤትና በሃይማኖት ተቋማት ላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ታይቷል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ባጠቃው ኢንፍሉዌንዛ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ በሚያስታውሰውና እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ በማቃጠል በሚያስበው ወረርሽኝ ጊዜ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያውቁ ልጆች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ጉዳዩ የአገር ጉዳይ አልሆነም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለኢትዮጵያውያን ልጆች በተዘጉ ወይም ለወራሪው ዓላማ በዋሉ ጊዜ፣ ንባብን ያቆዩት የቄስ ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ እዚያም ከሠሩት ሥራ አንዱ ገበሬውን ፊደል ማስቆጠር ነበር።

ከዚህ ዘመቻ የቀጠለው፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማለትም ጎልማሶችን ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የማስተማር አገራዊ ሥራ፣ ለቤት ውስጥ ትምህርት ታሪክ ከሚታሰበው በላይ ይጠቅማል። ትምህርቱ ከጥቂት ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ቋንቋዎችን ያካተተ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የዘመቻው አስገዳጅነትና የፖለቲካ መልክ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ማታ ማታ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው እኩል ደብተር ይዘው የተቀመጡበት ዘመን ነበር። የተማሩትን ብዙዎች በጊዜ ብዛት ቢረሱትም፣ የልጅን ደብተር ገልጦ ማየት የወላጅ ድርሻ መሆኑ በገጠር ቤቶች የታወቀው ከዚህ ወዲህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሦስተኛው ዘመን የተከፈተው በአየር ሞገድ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ የልጆች ጊዜ የሚባል ፕሮግራም ነበረው፤ አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመታት በላይ አቅርበውታል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በሦስት ትውልድ የተወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ያደረጉት፣ የምሽቱን ተረት ከነመቀባበሉ፣ ከነድምፅ ለውጡና ከነምክሩ ወስደው በማያ መስኮት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ዘመን ያገናኙ ሰው ተብለው ሊጠሩ ይገባቸዋል። ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ የሠሩት ፀሐይ መማር ትወዳለች የተባለው ፕሮግራም በካልሲ የተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊትን መሪ ገጸ ባሕርይ አድርጎ ፊደልን፣ ቁጥርንና ጤናን በአማርኛ አስተማረ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማቶችንም አገኘ። ከካልሲ አሻንጉሊት መሥራት በማንኛውም ቤት የሚቻል ነገር መሆኑ የፕሮግራሙ ትልቅ ጥበብ ነበር።

በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው የትምህርት መገናኛ ብዙኃን ሥራ ከእነዚህ የተለየ መንገድ ተከተለ። የትምህርት ሬዲዮ ለአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የሚሰራጭ አጭር ትምህርት ሲሆን፣ የተነደፈው በክፍል ውስጥ መምህር መኖሩን ታሳቢ አድርጎ ነው። መምህሩ መምሪያ መጽሐፍ ይደርሰዋል፤ ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ያዘጋጃል፣ አዲስ ቃላትን በሰሌዳ ይጽፋል፤ በሥርጭቱ መካከል ድምፁ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል መልስ ያስመልሳል፤ ሥርጭቱ ሲያልቅ ያጠቃልላል፣ ያላወቁትን ይደግማል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ በኋላ የክልል ጣቢያዎች ትምህርቱን በየቋንቋቸው ማዘጋጀት ጀመሩ። ሬዲዮው ጥሩ ያስተማረው ጥሩ መምህር ባለበት ክፍል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን ብዙ አይራመድም።

በ2012 ዓ.ም. የጎደለው ያ መምህር ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በዋናነት በቴሌቪዥን ለማድረስ ሲወስኑ፣ በእጅ ያለውን መሣሪያ በፍጥነት ማሰማራታቸው የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከከተማ ቤተሰቦች 93 በመቶው ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው ከገጠሩ 8 በመቶው ብቻ ነበረው፤ በአራት ዓመት ውስጥ የተገኘው መሻሻልም ይህን ርቀት የሚዘጋ አልነበረም። ሬዲዮ ያለው ቤት እንኳ ከሥርጭቱ በፊት የሚያዘጋጅ፣ በኋላም የሚያጠቃልል ሰው ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ የሬዲዮው ድምፅ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል፣ በብዙ ቤት ውስጥ ዝምታውን የሚሞላ አልተገኘም።

በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የመልመጃ ወረቀቶችን ይልኩ ነበር። ወላጁ ወረቀቱን ከስልኩ አውርዶ፣ አሳትሞ ወይም በእጁ ገልብጦ ለልጁ ይሰጣል፤ የተሠራውን ፎቶ አንሥቶ ይመልሳል። ይህ ዘዴ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለውን ክር እንዳይበጠስ ቢያደርግም፣ ትምህርትን ወደ መገልበጥና ወደ መሙላት አጠበበው። የሰባት ዓመት ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ ቦታ እንዲሞላ ታዞ ከጠረጴዛ ጋር ሲታገል፣ ያው ልጅ በግቢው ውስጥ ቅልብልቦሽ ሲጫወት ያንኑ ስሌት በደስታ ይሠራው እንደነበር ያስተዋለ አዘጋጅ ጥቂት ነበር።

የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎችና የረድኤት ድርጅቶች በዚያን ጊዜ ለወላጆች የሰጡት ምክር ከወረቀቱ ይልቅ ወደ አሮጌው ልማድ ይቀርብ ነበር። ባቄላና ሽንብራ በዓይነት መለየትና መቁጠር፣ ውሃ በስኒና በጣሳ እየለኩ ስንቱ ስኒ አንዱን ጣሳ እንደሚሞላ ማወቅ፣ በዱቄት ወይም በአሸዋ ላይ ፊደል መጻፍ፣ ተረት ሰምቶ መጨረሻውን መለወጥ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ከአያት ጠይቆ መጻፍ፣ ዘር ዘርቶ እድገቱን በየቀኑ በሥዕል መመዝገብ በሰፊው የተመከሩ ሥራዎች ናቸው። በብዙ አገሮች እንደ አዲስ የፈጠራ ትምህርት የተመከሩት እነዚህ ነገሮች ለኢትዮጵያ እናት ከዕለት ሥራዋ የሚለዩ አልነበሩም፤ እህል የምትለቅመው እናት ልጇን አስቀምጣ ስታስለቅም ምደባን፣ ቡና ስታፈላ ስኒ ስታስቆጥር ቁጥርን ታስተምር ነበር። ያልነበራት ነገር ይህ ሥራዋ ትምህርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚነግራት ሰው ነው። ከመምህሩ ለወላጁ የሚደርስ አንድ መልእክት፣ በዚህ ሳምንት ገበጣ አጫውቱና ልጁ ስንት ጠጠር እንደማረከ በደብተሩ ይጻፍ ቢል ኖሮ፣ ትምህርት ቤቱና ቤቱ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር።

የመዘጋቱን ወራት ከወቅቶች ጋር አስተያይቶ ማየትም ይገባል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ልጅ በትምህርት ቤት የሚሆንባቸው ስለሆኑ ቤቱ ለእነርሱ የተዘጋጀ ልማድ አልነበረውም፤ ግራ መጋባቱና የወላጁ ጭንቀት የበረታውም በእነርሱ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ግን ልጆች ወትሮም ቤት የሚውሉበት ወቅት ገባ። መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ሲሆን፣ ሥዕል የሚሥለው ልጅ ሥዕሉን ያዘጋጀው በዚያ ዓመትም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ነው።

ትምህርት ቤቶች በጥቅምት ከገጠር ጀምረው ሲከፈቱ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ቁጥር ተቀንሶ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ። ብሔራዊና ክልላዊ ፈተና ከሚወስዱት ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ሳይወስዱ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ በሰባት ወር ውስጥ ምን እንደረሱ ለመለካት የተደረገው ጥረት የሚታወቅ ሲሆን፣ ምን እንደተማሩ፣ ከማን ጋር ምን እንደሠሩ፣ የትኛው ተረት እንደተነገራቸው፣ ለታናናሾቻቸው ምን እንዳስተማሩ የጠየቀ መዝገብ ግን በክፍሎቹ አልተከፈተም።

ለትግራይ ልጆች መዘጋቱ በዚያ ጥቅምት አላበቃም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት በክልሉ ያሉ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እስከ 2015 ዓ.ም. አልተከፈቱም፤ ብዙዎቹ ወድመዋል፣ ሌሎቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነዋል። በእነዚያ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክም ስልክም ተቋርጦ ስለነበር የሬዲዮውና የቴሌግራሙ ትምህርት ሊደርስ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የቀረው ከሁለቱ አሮጌ ቅርሶች፣ ከሕንቅልሕንቅሊተይና ከፊደል ገበታው ጋር ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ 1ኛ ክፍልን አቋርጦ የወጣ ልጅ እንደገና ከመምህር ፊት የተቀመጠው በአሥር ዓመቱ ነው።